ምዕራፍ 6፦ ጋዝ የሚይዝ አሮጌ ላይተር

አሮጌ የቅንጦት ላይተር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ወርቁ ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ወርቁን ወልውሎ፣ ላኩን አብለጭልጮ ያቀርባል። ዕቃው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን የምትወስነው ግን ከሆዱ ውስጥ የተቀበረች፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የጎማ ቀለበት ናት። መካኒኮች ኦሪንግ የሚሏት ዓይነት ናት። እሷ ከደረቀች ላይተሩ ጋዝ አይዝም። ጋዝ ያልያዘ ላይተር ደግሞ በውድ የተገዛ የነሐስ ቁራጭ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ከውበቱ ይልቅ ስለ ውስጡ ብዙ የማወራው ለዚህ ነው። እንደ ፈረንሳዩ ዱፖንትና እንደ እንግሊዙ ደንሂል ያሉትን ላይተሮች ልዩ ያደረጋቸው ወርቁ ብቻ አይመስለኝም። ተፈትተው፣ ተጸድተው፣ ያረጀው ክፍላቸው ተለውጦ እንደገና እንዲገጠሙ ታስበው ተሠርተዋል። ቢክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1973 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው የፕላስቲክ ላይተር ጋዙ ሲያልቅ ይጣላል፤ የሚፈታበት ብሎን የለውም። ከ1960ዎቹ የቀረ ደንሂል ግን ዛሬም በሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ይከፈታል፤ ጎማው ተለውጦለትም እሳት ይሰጣል። ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ስንገዛም መመርመር ያለብን ይህንኑ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው በአንድ ኦስትሪያዊ ኬሚስት ሥራ ላይ ነው። ካርል አወር ፎን ቬልስባክ እ.ኤ.አ. በ1903 ሴሪየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ቀላቅሎ የባለቤትነት መብት አወጣ። ዛሬ የላይተር ድንጋይ የምንለው ይህን ቅይጥ ነው። በድሮው ቡላድ ባልጩቱ ብረቱን ይልጠዋል፤ ከብረቱ የተላጠችው ቅንጣት ግላ ትበራለች። በላይተር ውስጥ ግን ሥራው ተገልብጧል። ጥርስ ያላት የብረት መዘውር ቅይጡን ትፍቀዋለች፤ የተፋቀው ብናኝ አየር ሲያገኝ በራሱ ይቀጣጠላል። ይኸው ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1885 የጋዝ መብራት ላይ የምትታሰረውን ነጭ መረብ የፈጠረ ነው። ማሾ ሲበራ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የአወርን ሥራ አይቷል ማለት ነው።

ድንጋዩ ከተገኘ በኋላ የቀረው ጥያቄ ላይተርን እንዴት በአንድ እጅ ማብራት ይቻላል የሚለው ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዋይዝና ግሪንዉድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በሰናፍጭ ቆርቆሮ ውስጥ የሠሩትን ሞዴል ይዘው ለንደን ወደሚገኘው ወደ አልፍሬድ ደንሂል ሄዱ። መዘውሯ በአግድም ተኝታ በአውራ ጣት የምትሽከረከር ነበረች። ከዚያ ሞዴል ዩኒክ የተባለው የቤንዚን ላይተር ወጣ። ደንሂል በ1956 ደግሞ ሮላጋስን አቀረበ። ሮላጋስ በቤንዚን ፋንታ ቡቴን ጋዝ ይጠቀማል፤ በጎኑ ጥርሳም ሮለር አለው። ለጀማሪ ገዢ መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በፈረንሳይ በኩል ያለው ስም ኤስ. ቲ. ዱፖንት ነው። ሲሞን ቲሶ ዱፖንት በ1872 ፓሪስ ላይ የመሠረተው ይህ ቤት ቦርሳና የጉዞ ሻንጣ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ስለራሱ በሚናገረው ታሪክ መሠረት ላይተር ወደ መሥራት የገባው ሕንዳዊው የፓቲያላ ማሃራጃ ወርቅ ላይተር ያለባቸው መቶ የሴት የእጅ ቦርሳዎች ስላዘዘ ነው። ይህ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 ነው። በ1952 የጋዝ ላይተር ተከተለ። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሊኝ 1 እና በ1977 የወጣው ሊኝ 2 ናቸው። ሁለቱም ከነሐስ ተቦርቡረው በወርቅ ወይም በብር የተለበጡ፣ አንዳንዶቹም የቻይና ላክ የተቀቡ ናቸው። ይህ ላክ ከዛፍ ደም የሚገኝ ነው። በላይ በላይ እየተደረበ ይቀባል፤ የሚጠነክረውም እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ነው። እጅ ላይ ሲያዝ ሙቀት ያለው ይመስላል። ሲወድቅ ግን እንደ ብረት ስርጉድ አይሆንም፣ ይሸረፋል። የተሸረፈ የቻይና ላክ ደግሞ የመጀመሪያውን መልክ አስመስሎ የሚመልስ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

በ1968 የወጣው ሞላላው ካርቲየርም አለ። መልኩ ያምራል፤ ፎርጅዱ ግን ስለሚበዛ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ግዢ ቢቆይ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች በየዕቃ ሽያጩ ዚፖ ታገኙ ይሆናል። ዚፖ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ግን ከ1933 ጀምሮ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ብራድፎርድ ላይ የሚሠራ፣ ኩባንያው በነፃ የሚጠግነው ጠንካራ ዕቃ ነው። የተሠራበት ጊዜም ከሥሩ ይነበባል፤ ከ1986 ወዲህ ወሩ ከኤ እስከ ኤል ባለ ፊደል ተጽፎበታል።

አሁን ላይተሩ እጃችን ላይ ነው እንበል። ሻጩ ፊት ለፊት ቆሟል። በመጀመሪያ ክዳኑን ከፍተው በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ያወዛውዙት። በዱፖንትም ሆነ በደንሂል ክዳኑ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሲዘጋ የጋዙን መውጫ ተጭኖ የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ማጠፊያው የላላ ወይም ክዳኑ ወድቆ የተጣመመ ላይተር ኪስ ውስጥ ሆኖ ጋዝ ሊተነፍስ ይችላል። ክዳኑ ሲዘጋ ከታችኛው አካል ጋር ያለው ስንጥቅ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ላይ ጥፍር የምታስገባ ከሆነ ዕቃው ወድቆ ያውቃል።

ቀጥሎ ወደ ሥሩ ይገልብጡት። የጋዝ መሙያውን የሚዘጋው ብሎን ጥርሱ ተበልቶ፣ አፉ በትልቅ ካቻቢቴ ተፈልፍሎ ከሆነ ከእርስዎ በፊት ሙያ የሌለው ሰው ገብቶበታል። ይህ ጭረት ከወርቁ ጭረት የበለጠ ያሳስበኛል። ወርቁ ላይ ያለው ጭረት ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር መኖሩን ይነግራል፤ ብሎኑ ላይ ያለው ግን የውስጡን ታሪክ ይነግራል። እዚያው ሥሩ ላይ የሠሪው ስምና ቁጥር ተቀርጿል። ፊደሎቹ ጥርት ያሉ፣ እኩል ጥልቀት ያላቸው መሆን አለባቸው። ፎርጅድ ላይ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ወይም በጨረር የተቃጠሉ ይመስላሉ። ሙሉ ብር ወይም ሙሉ ወርቅ ነው ከተባሉ ደግሞ የመንግሥት ማኅተም ይፈልጉ፤ በፈረንሳይ ዕቃ ላይ ለብር የሚኔርቫ ራስ፣ ለ18 ካራት ወርቅ የንስር ራስ ይመታል። ማኅተም ከሌለው የተለበጠ ነው ብለው ይያዙና ዋጋውን በዚያ ልክ ይከራከሩ።

ሊኝ 2 ክዳኑ በአውራ ጣት ሲገፋ የሚሰጠው ጥርት ያለ የደወል ድምፅ አለ። ብዙ ሰው ዱፖንትን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ሻጮችም ድምፁን አሰምተው ኦሪጂናል ነው ይላሉ። በዚህ ብቻ አይወስኑ። ፎርጅድ ሠሪዎች ድምፁን ማስመሰል ተምረዋል። በሌላ በኩል ሊኝ 1 ላይ ድምፁ ደከም ብሎ ቢገኝ ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይሆንም።

ከሻጮች አፍ በብዛት የሚሰማው ቃል «ብልጭ ይላል» የሚል ነው። ይህ ማለት ድንጋዩና መዘውሯ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ስለ ጋዙ አንዳች አይናገርም። የብልጭታ ችግር በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ጋዝ መያዝና አለመያዝ ነው ትልቁ ጥያቄ። እዚያው ተሞልቶ ካልታየ፣ ዋጋው ጎማው የሚለወጥበትን ወጪ የቀነሰ መሆን አለበት። ሻጩ ተሞልቶ እንዲታይ ከፈቀደ ግን ቤትዎ ወስደው በትክክል የሚፈትሹበት መንገድ አለ። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ የግራም መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ማታ ሞልተው ይመዝኑ፤ ቁጥሩን ይጻፉ። ሳያበሩ ያሳድሩና በማግሥቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ይመዝኑ። በሦስተኛው ቀንም ይድገሙ። ክብደቱ በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ ይተነፍሳል። የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሳሙና የነካ ውሃ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ መሙያው ላይ አንዴ፣ ክዳኑን በከፊል ከፍተው የነበልባሉ መውጫ ላይ አንዴ ይቀቡ። ከመሙያው በኩል ደቃቅ አረፋ ከተነፋ የታችኛው ኦሪንግ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከላይ ከሆነ ግን የነበልባሉ ቫልቭ መፈታት አለበት፤ ለእሱ የለመደ እጅ ያስፈልጋል።

ኦሪንግ የሚደርቀው በእርጅናና በጋዙ ጥራት ነው። አዲሱ ኦሪንግ ቤንዚንና ጋዝ ከማያበላሸው ጎማ የተሠራ፣ በውፍረትም በክብነትም ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ትንሽ ወፈር ያለ ከገባ ብሎኑን ሲያጠብቁ ይቆረጣል፤ ቀጠን ካለ ይተነፍሳል። አሮጌውን ሲያወጡ ሹል ብረት አይጠቀሙ፤ የተቀመጠበት የነሐስ ጉድጓድ አንዴ ከተጫረ አዲስ ጎማም አያድነውም። የእንጨት ስንጥር ይበቃል።

ስለ ጋዙ ራሱ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ላይተር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚፈላ ጋዝ ነው። ላይተር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በራሱ ግፊት ታፍኖ ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን ግፊቱ የባሕር ጠረፍ አየር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ፕሮፔን ግን በዚያው ሙቀት ስምንት እጥፍ ያህል ይገፋል። ለካምፕ ምድጃ የሚሸጡ ቆርቆሮዎች ብዙዎቹ ፕሮፔን የተቀላቀለባቸው ናቸው። እነሱን ለአሮጌ ላይተር መሙላት ጎማውን ካልተሠራበት ግፊት ጋር ማጋፈጥ ነው። ለላይተር ተብሎ የተጣራ ቡቴን ብቻ ይጠቀሙ። ርካሹ ጋዝ ደግሞ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ቅባቱ የነበልባሉን ቀጭን መውጫ ቀስ በቀስ ይዘጋል።

ሲሞሉ በመጀመሪያ የቀረውን ያስወጡ። መስኮት በተከፈተበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ መሙያውን በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ተጭነው ሽሽታው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከጋዙ ጋር ውስጥ የታፈነው አየርም ይወጣል፤ አየሩ ካልወጣ አዲሱ ጋዝ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ከዚያ ላይተሩን በላስቲክ ጠቅልለው ሩብ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት። የጋዙ ቆርቆሮ በክፍሉ ሙቀት ይቆይ። የቀዘቀዘው ላይተር ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ስለሚል ፈሳሹ ራሱ ወደዚያ ይፈሳል። ላይተሩን ሥሩን ወደ ላይ አድርገው፣ ቆርቆሮውን ዘቅዝቀው ቀጥ አድርገው ይጫኑ። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ወዲያው አያብሩ፤ በዙሪያው የፈሰሰው እስኪተን፣ ላይተሩም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ አሥር ደቂቃ ይስጡት።

ዱፖንት ለየሞዴሉ የራሱ የጋዝ ቆርቆሮ አለው፤ በቀለም የተለዩ ናቸው፤ የሚገጥሙበት ጥርስም ይለያያል። የማይገጥመውን በጉልበት ማሽከርከር የመሙያውን ጥርስ ይበላዋል። ሮላጋስ ግን ሥሩ ያለው ብሎን ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ በተራ የጋዝ ቆርቆሮ አፍ ይሞላል። ቀደም ብዬ ሮላጋስን ያስቀደምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ፓሪስ ወይም ዱባይ ለሚኖር ሰው የዱፖንት ቆርቆሮ ማግኘት ችግር ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የሚኖር ግን ላይተሩ በየትኛው ጋዝ እንደሚሞላ ከወርቁ በፊት መጠየቅ አለበት።

የአዲስ አበባ ነገር ከተነሳ ከፍታውም ይታሰብ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በላይተሩ ውስጥና በውጭው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ስለሚሰፋ ለንደን ላይ የተስተካከለ ነበልባል እዚህ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ላይተር መጀመሪያ ሲበራ ማስተካከያው ወደ ዝቅተኛው ዞሮ፣ ላይተሩም ከፊት ራቅ ብሎ ይሁን። ከፍታው ለአሮጌዎቹ ያደላበትም ነገር አለ። ቁልፍ ሲጫኑ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበሩት ላይተሮች ከፍታ ላይ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ፤ የድንጋይ ብልጭታ ግን ሰፊና ትኩስ ስለሆነ ጋዙን አይስተውም።

ድንጋዩ የሚፈልገው እንክብካቤ ጥቂት ነው፤ ሲረሳ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ላይተር ውስጥ የቀረ ድንጋይ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በመጨረሻም ወደ ግራጫ ዱቄት ይለወጣል። ከአባት ወይም ከአያት የቀሩ ላይተሮች አልሠራ የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ተበላሽተው አይደለም። ሞላዋን ያውጡ፤ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ቱቦው ውስጥ ጣል አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩ። ከዚያ ከቱቦው ውፍረት ባነሰ የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ ማሽን ሳይሆን በጣት እያዞሩ፣ የደረቀውን ድንጋይ ቀስ ብለው ያፍርሱት። ቱቦው ሲጸዳ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያድርቁ፤ ዘይት የነካት መዘውር ድንጋዩን አትፍቀውም፤ ታንሸራትተዋለች። የመዘውሯን ጥርሶች የሞላውን ግራጫ ብናኝ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥርሶቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ ይጥረጉ። አዲሱ ድንጋይ ሲገባ ያለ ጉልበት መውረድ አለበት፤ ካልወረደ መጠኑ አይደለም። ላይተሩን ለረጅም ጊዜ ሊያስቀምጡ ከሆነ ድንጋዩንም ጋዙንም ያውጡ።

እንደ ዩኒክ ያለ የቤንዚን ላይተር የገዛ ሰው ጎማ አያሳስበውም፤ ክርና ጥጥ ነው የሚለውጠው። የጠቆረውን የክር ጫፍ በወረንጦ ስቦ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የመኪና ቤንዚን ግን አይሞላበት፤ ይሸታል፣ ጥላሸት ያበዛል፣ ጭሱም ጤና ይጎዳል። ለላይተር የተጣራውን ቤንዚን ይጠቀሙ።

ስለ ውጫዊው መልክ ምክሬ አጭር ነው፦ ብዙ አይነካካ። የተለበጠው ወርቅ በሚሊ ሜትር ሺህኛ የሚለካ ስስ ነገር ነው። ነሐስ ማጽጃ ቅባት በተቀባ ቁጥር ወርቁ ከጥቁረቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ጠርዞቹ ላይ ቢጫው ነሐስ መታየት የሚጀምረውም በዚህ ነው። ለስላሳ ጨርቅና እስትንፋስ ይበቃሉ። ብር ቢጠቁር በብር ጨርቅ ይታሻል፤ ከተቀረጸው ጌጥ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጥቁረት ግን ቅርጹን ስለሚያጎላው ይተው። ላክ የተቀባውን አልኮልና አሴቶን አያስነኩት። እንደገና በወርቅ ተለብጦ አዲስ መስሎ የቀረበ ላይተር ከነጭረቱ ከቆየው ይልቅ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ እኔም ብሆን ጭረቱን እመርጣለሁ።

ሲጋራ የማያጨስ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይማራል ለሚል፣ ለስላሳው የቡቴን ነበልባል ለጧፍና ለሻማ ምቹ ነው። ከዚያም በላይ በእጅ ተፈትቶ የሚገጠም ማሽን ኪስ ውስጥ ማግኘት ዛሬ ብርቅ ሆኗል።

ከውጭ ለዘመድ ላይተር ይዞ የሚመጣ ሰው የአውሮፕላኑን ሕግ ይወቅ። በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ ተሳፋሪ አንድ ላይተር ብቻ፣ ያውም ኪሱ ውስጥ ይዞ መጓዝ ይችላል፤ ሻንጣ ውስጥ ጋዝ ያለው ላይተር አይገባም። ቤንዚኑን የሚይዝ ጥጥ የሌለው የቤንዚን ላይተር ጭራሽ አይፈቀድም። ቻይናን የመሳሰሉ አገሮች ደግሞ ኪስ ውስጥም ይከለክላሉ። የጋዝ መሙያ ቆርቆሮ በእጅ ቦርሳም በሻንጣም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ጋዙ ከሚደረስበት ከተማ ይገዛል። ከላይተሩ ጋር መምጣት ያለበት ከተማው ውስጥ የማይገኘው ነው፦ ለሞዴሉ የሚሆኑ ኦሪንጎች፣ መጠኑ የተረጋገጠ አንድ ፓኬት ድንጋይና ለሥሩ ብሎን ልክ የሆነ ካቻቢቴ።